የአምስት ሳንቲ ሜትር ከፍታና የሕግ ክፍተት

ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ማለትም መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ጀምሮ፣ የአዲስ አበባ ባለመኪና ከመኪናው ጋር ያለው ዝምድና ተለውጧል፡፡ ቀድሞ «ይችን ሸጬ የተሻለች እገዛለሁ» ይል የነበረው ሰው ዛሬ «ይችኑ አበጃጅቼ እነዳታለሁ» ማለት ጀምሯል፡፡ ከዚያም ቀደም ብሎ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ የጣለው ከባድ ታክስ፣ ያገለገለ መኪና ከውጭ አስመጥቶ መለወጥን ለብዙው የደመወዝ ሰው የማይታሰብ አድርጎት ነበር፡፡ የሁለቱ ድምር ውጤት ግልጽ ነው፡፡ መኪና የሚለወጥ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ የሚታደስና የሚሻሻል ንብረት ሆኗል፡፡

ከእነዚህ ማሻሻያዎች አንዱ የዛሬው ጽሑፌ ርዕሰ ጉዳይ ነው፡፡ በየዕለቱ ለሥራ፣ ለገበያና ልጆችን ትምህርት ቤት ለማድረስ የሚነዳን የመስክ መኪና፣ ሳስፔንሽኑን በመለወጥ በአራትና በአምስት ሳንቲ ሜትር ከመሬት ከፍ ማድረግ፡፡ «ይሄ ደግሞ የጋዜጣ ጉዳይ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም፡፡ በእኔ እምነት ነው፡፡ ምክንያቱም አምስት ሳንቲ ሜትሩ የሚነካው ባለቤቱን ብቻ አይደለም፡፡ መድን ሰጪውን ይነካል፣ ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር ይነካል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መንገድ የሚሻገረውን እግረኛ ይነካል፡፡ እግረኛው በዚህ ውሳኔ ላይ ድምፅ አልሰጠም፡፡

መከራከሪያዬን ከወዲሁ ላስቀምጥ፡፡ መጠነኛ ማስነሣት በአግባቡ ከተሠራ ክፋት የለውም፣ ሊከለከልም አይገባም፡፡ ነገር ግን ዛሬ ባለንበት ሁኔታ ማን ሠራው፣ በምን ዕቃ ሠራው፣ ስንት ከፍ አደረገው ለሚሉት ጥያቄዎች የጽሑፍ መልስ የሚሰጥ ወረቀት ባለመኪናው እጅ የለም፡፡ አደጋ ሲደርስ ግን ሕጉ የሚጠይቀው ባለመኪናውን ነው፡፡

ሰዎች ለምን ከፍ ያደርጋሉ?

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከምክንያቱ እንጀምር፡፡ ብዙዎቹ የመስክ መኪኖቻችን አሥራ አምስትና ሃያ ዓመት ያገለገሉ ናቸው፡፡ ይህን ያህል ዕድሜ የቆጠረ ሞላ ይደክማል፣ ባሌስትራም ይተኛል፡፡ በዚያ ላይ ባለቤቱ ከፊት ከባድ የብረት ፓራውልት ያስገጥማል፣ ጣሪያው ላይ የዕቃ መጫኛ ያሠራል፣ ቤተሰቡን ከነጓዙ ይጭናል፡፡ መኪናዋ ከፋብሪካ ስትወጣ ከነበራት ቁመት ዝቅ ትላለች፡፡ ስለዚህ «ከፍ አደረግኩ» ከሚሉት ሰዎች አንዳንዶቹ በእርግጥ ያደረጉት የጠፋውን ቁመት መመለስ ነው፡፡

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው፡፡ በዋና ዋና ጎዳናዎች ላይ ብዙ ለውጥ ታይቷል፡፡ ወደ ሰፈር ውስጥ ሲገባ ግን የተነሣ ኮብልስቶን፣ ክዳኑ የጠፋ የፍሳሽ ጉድጓድና በየሰዉ ፈቃድ የተሠራ የሚመስል የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይጠብቃል፡፡ ከከተማ ወጥቶ የመንዝ ጓሳን ወይም የባሌውን የሰኔቲ አምባ ለማየት የሚሄድ ሰው ደግሞ የመኪናው ሆድ ድንጋይ እንዳይነካበት መፈለጉ ተገቢ ነው፡፡

ሦስተኛው ምክንያት ታይታ ነው፡፡ ይህንንም መካድ አይቻልም፡፡ ረጅም መኪና ግርማ አለው፣ ሌላው ሾፌርም መንገድ ይለቃል ተብሎ ይታመናል፡፡ ሰው ለገዛ ገንዘቡ ግርማ ቢገዛ ሕግ አያገባውም፡፡ የሚያገባው ግርማው የሌላውን ሰው ደኅንነት ሲቀንስ ነው፡፡

ምን ይለወጣል?

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ የሕግ ሰው ነኝ፡፡ ሆኖም በኃላፊነት ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው የዕቃውን አሠራር በመጠኑም ቢሆን ሳያውቅ መፍረድ የለበትም ብዬ አምናለሁ፡፡

ሳስፔንሽን ስንል መኪናውን ተሸክሞ ከጎማው ጋር የሚያገናኘውን የሞላ፣ የባሌስትራ፣ የሾክ አብዞርበርና የዘንጎች ስብስብ ማለታችን ነው፡፡ ማስነሣት በጥቅሉ በሁለት መንገድ ይሠራል፡፡ አንደኛው ሞላውን ወይም ባሌስትራውን ለክብደቱ በተሠራ ረዘም ባለ ዕቃ ለውጦ፣ ሾክ አብዞርበሩንም በርዝመት የሚመጥነው አድርጎ መግጠም ነው፡፡ ሁለተኛው ነባሩን ሞላ እዚያው ትቶ ከላዩ ወይም ከሥሩ ስፔሰር የሚባለውን ማስቀመጫ ማስገባት፣ በባሌስትራ ደግሞ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ብረት መጨመር ነው፡፡ ሁለተኛው ይረክሳል፡፡ ነገር ግን የደከመው ሞላ እንደደከመ ይቀራል፤ ሾኩም ለአዲሱ ቁመት ካጠረ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ እስከ መጨረሻው ተስቦ ይላጋል፡፡ አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው፡፡

ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር፡፡ እንደ ላንድክሩዘር 70 ያሉ፣ ከፊትም ከኋላም አንድ ወጥ አክስል ያላቸው መኪኖች ሳስፔንሽናቸው ቢነሣም ዲፍረንሻላቸው ከመሬት ያለው ርቀት አይጨምርም፡፡ ምክንያቱም ዲፍረንሻሉ የተቀመጠው አክስሉ ላይ ነው፣ አክስሉ ደግሞ ጎማው ላይ፡፡ ከፍ የሚለው ከላይ ያለው አካል ብቻ ነው፡፡ ዲፍረንሻሉን ከድንጋይ የሚያርቀው ትልቅ ጎማ እንጂ ረጅም ሞላ አይደለም፡፡ ስለዚህ «ድንጋይ እንዳይመታኝ» ብሎ ገንዘብ የሚያወጣ ሰው መጀመሪያ ድንጋዩ የቱን ክፍል እየመታው እንደሆነ ቢያጣራ ይጠቅመዋል፡፡

ከፍታው ሲጨምር ደግሞ ሌሎች ነገሮች አብረው ይናጋሉ፡፡ የፊት አክስሉ ወጥ በሆነ መኪና ላይ ጎማው ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ ይቀንሳል፡፡ መሪ ከዞረ በኋላ በራሱ ወደ መሀል የሚመለሰው በዚህ ዝንባሌ ምክንያት በመሆኑ፣ መኪናው በፍጥነት ሲሄድ መንከራተት ይጀምራል፡፡ ለዚሁ ተብሎ የሚሠራ ጎሚኒ ካልተገጠመለት ችግሩ አይስተካከልም፡፡ እንደ ፕራዶ ያለው የፊት ጎማዎቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ መኪና ደግሞ ከዲፍረንሻሉ ወደ ጎማ ኃይል የሚያስተላልፉት ዘንጎች ማዕዘናቸው ይሾላል፣ መጋጠሚያቸውም ቶሎ ያልቃል፡፡ አላይመንት ካልተሠራለትም ጎማውን በአንድ ወገን ይበላዋል፡፡ የፍሬን ዘይት የሚያስተላልፈው ጎማ ቱቦ ካጠረ ይወጠራል፡፡ በብዙ አሮጌ የቶዮታ የመስክ መኪኖች ላይ ደግሞ የኋላ ፍሬኑን ኃይል እንደ ጭነቱ የሚመጥን መሣሪያ አለ፡፡ ይህ መሣሪያ ጭነቱን የሚያውቀው በመኪናው ኋላና በአክስሉ መካከል ባለው ርቀት ነው፡፡ ርቀቱ በማስነሣት ሲጨምር «መኪናው ባዶ ነው» ብሎ ይገምትና የኋላ ፍሬኑን ኃይል ይቀንሳል፡፡ ሰባት ሰው የጫነ መኪና እንደ ባዶ መኪና ፍሬን ይይዛል ማለት ነው፡፡ መሣሪያውን ማስተካከል ይቻላል፡፡ ጥያቄው አስነሺው ያስታውሰዋል ወይ የሚለው ነው፡፡

ሂሳቡ ምን ይላል?

መኪና የመገልበጥ ዝንባሌውን ለመገመት የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕዝብ ማሳወቅ የጀመረው ቀላል ስሌት አለ፡፡ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለውን ስፋት፣ የመኪናው የክብደት ማዕከል ከመሬት ካለው ቁመት እጥፍ ጋር ማካፈል ነው፡፡ ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው የተረጋጋ ነው፡፡

ምሳሌ እንውሰድ፡፡ የጎማ ስፋቱ 1,500 ሚሊ ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 700 ሚሊ ሜትር የሆነ መኪና ቢኖረን 1,500 ለ1,400 ሲካፈል 1.07 ይመጣል፡፡ ይህ በያኔው አሰጣጥ ሁለት ኮከብ ነው፡፡ መኪናውን 50 ሚሊ ሜትር ብናስነሣው፣ አክስሉና ጎማው ከቦታቸው ስለማይነቃነቁ የክብደት ማዕከሉ የሚነሣው ከ50 ትንሽ ባነሰ ነው፤ 40 እንበል፡፡ 1,500 ለ1,480 ሲካፈል 1.01 ይሆናል፡፡ ይህ አንድ ኮከብ ነው፡፡ ጣሪያው ላይ ጎማና ጀሪካን ሲጫንበት ደግሞ የክብደት ማዕከሉ ይበልጥ ወደ ላይ ይሄዳል፡፡ ይህ ማለት መኪናው ነገ ይገለበጣል ማለት አይደለም፡፡ ሾፌሩ ትናንት በሚያውቀው ፍጥነት ኩርባ ሲገባ ትናንት የነበረው ትርፍ ቦታ የለውም ማለት ነው፡፡

ስለ መብራቱም ሂሳብ አለ፡፡ የአጭር መብራት ጨረር ብዙውን ጊዜ በየአንድ ሜትሩ ከ1 እስከ 1.3 ሳንቲ ሜትር ወደ ታች እንዲያዘነብል ተደርጎ ይስተካከላል፡፡ አንድ ሰው የመኪናውን ፊት ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ቢያደርግ፣ በፊትና በኋላ አክስል መካከል ያለው ርቀት 2.7 ሜትር ከሆነ፣ መኪናው በየሜትሩ በ1.85 ሳንቲ ሜትር ፊቱን ወደ ሰማይ ያነሣል፡፡ ወደ ታች ያዘነብል የነበረው ጨረር አሁን ወደ ላይ ያያል ማለት ነው፡፡ ማታ ከፊት ለፊታችን የሚመጣው መኪና «ረጅም መብራት አበራብኝ» ብለን የምንራገመው ሾፌር አጭር መብራት ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፡፡ መብራቱን ዝቅ ማድረግ የደቂቃዎች ሥራ ነው፡፡ የሚያስታውስ ግን ያስፈልጋል፡፡

ከማስነሣቱ ጋር አብሮ የሚመጣው ትልቅ ጎማም የራሱ ጣጣ አለው፡፡ 265/70 የሆነ ባለ 16 ጎማ ዙሪያ ገባው ሲለካ ዲያሜትሩ 777 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፡፡ በ265/75 ቢለወጥ 804 ይደርሳል፡፡ ልዩነቱ 3.4 በመቶ ነው፡፡ ዲፍረንሻሉ ከመሬት የሚርቀው በ13 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ የፍጥነት መለኪያው በፊት 100 ሲል የነበረው እውነተኛ ፍጥነት አሁን በዚያው ንባብ ላይ በ3.4 በመቶ ይበልጣል፡፡

እግረኛውን ደግሞ አንርሳ፡፡ በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው፡፡ በአሜሪካ በመድን ኩባንያዎች ድጋፍ የመንገድ ደኅንነትን የሚያጠናው ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ የኮፈናቸው የፊት ጠርዝ ከ102 ሳንቲ ሜትር ገደማ በላይ የሆነ መኪኖች፣ 76 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በታች ከሆኑት ጋር ሲነጻጸሩ፣ የመቱት እግረኛ የመሞት ዕድል በ45 በመቶ ያህል ከፍ ያለ መሆኑን አመልክቷል፡፡ ከባድ የመስክ መኪና ቀድሞውንም ለዚህ ልክ የቀረበ ነው፡፡ አምስት ሳንቲ ሜትር ሊያሻግረው ይችላል፡፡ ከፍ ካለ ኮፈን በስተጀርባ የተቀመጠ ሾፌርም ከፊቱ የቆመችውን ትንሽ ልጅ የማየት ዕድሉ ይቀንሳል፡፡

ሕጉ ማንን ይጠይቃል?

እስካሁን ያወራነው ስለ ብረት ነው፡፡ አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ፡፡

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2081 የሞተር ተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፡፡ መኪናውን ያሽከረከረው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆንም እንኳ ባለቤቱ ኃላፊ ነው፡፡ ይህ ጥፋትን የማይጠይቅ ኃላፊነት ነው፡፡ አንቀጽ 2086 ደግሞ ባለቤቱ «ጥፋት አልሠራሁም»፣ «የአደጋው ምክንያት አልታወቀም» ወይም «ልከላከለው አልችልም ነበር» ብሎ ማምለጥ እንደማይችል ይናገራል፡፡ መውጫ በሩ የተጎጂው ጥፋት ነው፡፡ ሁለት መኪኖች ሲጋጩም አንቀጽ 2084 ሁለቱም ለግጭቱ እኩል አስተዋጽኦ እንዳደረጉ በመገመት ይጀምራል፡፡ ይህን ግምት የሚያፈርሰው የአንዱ ወገን ጥፋት ሲረጋገጥ ነው፡፡ እንግዲህ ይታያችሁ፡፡ ጭነት መጣኙ ያልተስተካከለ፣ መብራቱ ሰማይ የሚያይ፣ ሾኩ ያጠረ መኪና ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ሰው ለባላጋራው ጠበቃ የሚያስረክበው ማስረጃ ምን ያህል ነው?

ነገሩ በፍትሐ ብሔር ብቻ አያበቃም፡፡ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፡፡ ግልጽ የሆነ ደንብን መተላለፍ ደግሞ ቅጣቱን ከሚያከብዱት ምክንያቶች አንዱ ነው፡፡ ሰው የገደለው መኪና ያለ ልክና ያለ ባለሙያ ተለውጦ እንደነበር ከተረጋገጠ «አደጋ ነው» የሚለው መከላከያ ይሳሳል፡፡

ስለ መድንም እንነጋገር፡፡ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘ ግዴታ ነው፡፡ ነገር ግን ክፍያው ጣሪያ አለው፡፡ ፍርድ ቤት ከጣሪያው በላይ ካሳ ከወሰነ ቀሪው የባለቤቱ ዕዳ ነው፡፡ በፈቃድ የሚገባው ሙሉ መድን ደግሞ በውል የሚመራ ነው፡፡ የመድን ውል የቆመው በቅን ልቦና ላይ ስለሆነ፣ ደንበኛው ውል ሲገባ አደጋውን ለመገመት የሚረዳውን ነገር ሁሉ መናገር፣ በኋላም አደጋውን የሚያብስ ሁኔታ ሲፈጠር ማሳወቅ ይጠበቅበታል፡፡ መኪናውን አምስት ሳንቲ ሜትር ያስነሣ ሰው ለመድን ድርጅቱ ደብዳቤ መጻፍ እንዳለበት ስንቶቻችን አስበን እናውቃለን? ከአንድ ወዳጄ ጋር ይህን ስንጨዋወት «አንተ ሰውዬ፣ ኢንሹራንሱ ለሞላ ምን አገባው?» አለኝ፡፡ የሚያገባው የካሳ ጥያቄ የቀረበ ዕለት ነው፡፡ ያን ዕለት የኩባንያው ቴክኒሻን መኪናው ሥር ይገባል፡፡

በዚህ ሁሉ መሀል ማሻሻያውን የሠራው ጋራዥ የት ነው ያለው? ባለቤቱ ካሳ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ሥራውን በጉድለት የሠራውን ሰው በውል መጠየቅ ይችላል፡፡ ችግሩ ማስረጃው ነው፡፡ ዕቃው ከሶማሌ ተራ ያለ ደረሰኝ ተገዝቶ፣ የእጅ ዋጋ በእጅ ተከፍሎ፣ ምን እንደተሠራ አንድ መስመር ሳይጻፍ የተለቀቀ መኪና ባለቤት «ማን ሠራልህ?» ሲባል የሚጠራው የመካኒኩን ቅጽል ስምና የስልክ ቁጥሩን ብቻ ነው፡፡

የምርመራው ክፍተት

«ታዲያ በየዓመቱ የምናስመረምረው ለምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ ተገቢ ነው፡፡ የተሽከርካሪ መለያ፣ ምርመራና ምዝገባን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 681/2002 ነው፡፡ በየዓመቱ ለቦሎ ስንሄድ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል፣ ፍሬንና መብራት ይታያል፡፡ ይህ ጥሩ ነው፡፡ ነገር ግን እኔ መኪና በያዝኩባቸው ዓመታት ሁሉ የጎማዬን መሀልና የፓራፋንጎዬን ጠርዝ በሜትር የለካ፣ «ሞላውን ማን ለወጠው?» ብሎ የጠየቀኝ መርማሪ አላጋጠመኝም፡፡ ቀለም የለወጠ ሰው ይጠየቃል፡፡ የመኪናውን መረጋጋት የለወጠ ሰው ግን ሳይጠየቅ ሊያልፍ ይችላል፡፡ ቀለም ሰው እንደማይገድል ለማንም ግልጽ ነው፡፡

ሌሎች አገሮች ይህን ክፍተት እንዴት እንደደፈኑት ማየት ይጠቅማል፡፡ የመስክ መኪና የዕለት እንጀራ በሆነባት አውስትራሊያ፣ እንደየግዛቱ ልዩነት ቢኖረውም፣ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚደርስ ማስነሣት ያለ መሐንዲስ ማረጋገጫ ይፈቀዳል፡፡ ከዚያ ብዙ የራቀ ሲሆን ፈቃድ ያለው መሐንዲስ መርምሮ ማረጋገጫ መስጠት አለበት፡፡ የጀርመን ደንብ በአንቀጽ 19 ይበልጥ ጥብቅ ነው፡፡ ሌላውን የመንገድ ተጠቃሚ ለአደጋ ሊያጋልጥ የሚችል ለውጥ የተደረገበት መኪና ፈቃዱ ቀሪ ይሆናል፣ ለውጡ በባለሙያ ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት፡፡ አንዱ አገር ላላ፣ ሌላው አጠበቀ፡፡ ሁለቱም ግን ልክ አበጁ፡፡ የእኛ ችግር መላላትም መጥበቅም ሳይሆን የታወቀ ልክ ማጣት ነው፡፡

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

«አዲስ መመሪያ ማለት አዲስ የጉቦ በር ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፡፡ ተቃውሞው ውኃ ያነሣል፡፡ የጉቦ በር የሚሰፋው ግን መለኪያው ግልጽ ሳይሆን ሲቀር ነው፡፡ «መኪናው ከመጠን በላይ ከፍ ብሏል» የሚል ደንብ ለመርማሪው ስሜት የተተወ ነው፡፡ «ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት ከፋብሪካው ልክ ከ50 ሚሊ ሜትር በላይ አይብለጥ» የሚል ደንብ ግን በሜትር የሚዳኝ ነው፡፡ ባለመኪናውም ቤቱ ደጃፍ ላይ ለክቶ መሄድ ይችላል፡፡

ሁለተኛው ተቃውሞ «በአገራችን ከዚህ የባሰ ስንት ችግር እያለ» የሚለው ነው፡፡ ፍሬን የሌለው የጭነት መኪና፣ ላስቲኩ ያለቀ ሚኒባስ አለ፣ እውነት ነው፡፡ ነገር ግን የሌላው ጥፋት ትልቅ መሆን የእኛን ትንሹን ጥፋት ሕጋዊ አያደርገውም፡፡ ይልቁንም ይህን ጋዜጣ የሚያነበው የተማረ ባለመኪና አቅሙም ዕውቀቱም አለው፡፡ እርሱ ያላስተካከለውን ሚኒባሱ እንዲያስተካክል መጠበቅ ከየት የመጣ ፍትሕ ነው?

ምን ይደረግ?

ከመንግሥት በኩል ሦስት ነገሮች በቂ ናቸው ብዬ አምናለሁ፡፡ አንደኛ፣ ያለ ልዩ ማረጋገጫ የሚፈቀድ የከፍታ ልክ በመመሪያ ይወሰን፡፡ ሁለተኛ፣ ከልኩ በታችም ቢሆን የሠራው ጋራዥ የገጠመውን ዕቃ፣ ከፍታውን፣ የአላይመንት ውጤቱንና የመብራቱን መስተካከል የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት እንዲሰጥ ይገደድ፡፡ ሦስተኛ፣ ያ ወረቀት ከመኪናው ፋይል ጋር ተያይዞ በዓመታዊ ምርመራው ይታይ፡፡ ለዚህ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፡፡

መመሪያው እስኪመጣ ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አያሻም፡፡ መኪናዎን ከፍ ለማድረግ ካሰቡ መጀመሪያ የአሁኑን ቁመት በአራቱም ጎማ ይለኩና ይጻፉት፡፡ ሞላዎ ደክሞ ከሆነ የሚያስፈልግዎ ማስነሣት ሳይሆን መታደስ ሊሆን ይችላል፡፡ ከ50 ሚሊ ሜትር አይለፉ፡፡ ሞላውንና ሾኩን አንድ ላይ፣ ለሚጭኑት ክብደት የሚመጥን አድርገው ይግዙ፣ ደረሰኝም ይቀበሉ፡፡ መሪን ከጎማ ጋር የሚያገናኝ ማናቸውንም ዘንግ በብየዳ ላርዝምልዎ ከሚል ሰው ይሽሹ፡፡ ሥራው ሲያልቅ አላይመንት ያሠሩ፣ የፍሬን ቱቦውን ጎማዎቹ ተንጠልጥለው እያሉ ያዩ፣ የኋላ ፍሬን መጣኙን ያስተካክሉ፣ መብራቱን ዝቅ ያስደርጉ፡፡ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ ብሎኖቹ በሙሉ እንደገና ይጠበቁ፡፡ ለመድን ድርጅትዎ አጭር ደብዳቤ ጽፈው ግልባጩን ማኅተም አስመትተው ያስቀምጡ፡፡ ደብዳቤው አሥር ደቂቃ ይፈጃል፡፡ የካሳ ክርክር ግን ዓመታት ይፈጃል፡፡

መኪናውን ለባለቤትዎ፣ ለልጅዎ ወይም ለሾፌርዎ ሲሰጡም መኪናው እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ ይንገሩ፡፡ አንቀጽ 2081 ማን እንደነዳው አይጠይቅም፡፡ የማን እንደሆነ ነው የሚጠይቀው፡፡

ነጂና እግረኛ በአንድ መንገድ ላይ የሚኖሩት በመተማመን ነው፡፡ ዜብራ ላይ እግሩን የሚያሳርፍ ሰው የሚመጣው መኪና ፍሬን እንደሚይዝ፣ ሾፌሩም እንደሚያየው አምኖ ነው፡፡ ያንን እምነት የሚጠብቅ የጽሑፍ ልክ ካልኖረን፣ ያስነሣነው መኪናችንን ብቻ ሳይሆን አደጋውንም ነው፡፡ ቸር ይግጠመን!